ቀለበት ያሰሩ ካሜራዎች

በኖኪያ ‹‹ቀጭኑ ቻርጀር›› ዘመን የኖረ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። ካፌ ገብቶ ‹‹ቀጭኑ ቻርጀር ይኖራችኋል?›› ብሎ በድፍረት መጠየቅ ይቻል የነበረው የብዙው ሰው ስልክ አንድ ዓይነት ቀዳዳ ስለነበረው ነው። ሌላ ዓይነት ስልክ የያዘ ምስኪን ግን ቻርጀሩን እንደ መታወቂያ ይዞት ይዞር ነበር። ቀዳዳዋ ትንሽ ናት፤ ማን ከማን ጋር እንደሚኗኗር የምትወስነው ግን እሷ ነበረች።

ካሜራም እንዲህ ያለች ነገር አለችው። ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ አይታችሁ ከሆነ፣ ሌንሱ ሲነቀል ፊት ለፊት አንዲት የብረት ቀለበት ትታያለች። ፎቶ አንሺዎች ‹‹ማውንት›› ይሏታል። የአንዱ ፋብሪካ ሌንስ በሌላው ካሜራ ላይ እንዳይገባ የምታደርገው እሷ ናት። ስፋቷ፣ አቆላለፏ፣ ከፊልሙ ወይም ከሴንሰሩ ያላት ርቀት እንደየፋብሪካው ይለያያል። ርቀቷ በጣም በጥቂቱ ቢዛነፍ እንኳ ሌንሱ ይገባል እንጂ ምስሉ ይደበዝዛል።

‹‹ታዲያ ቀለበት ምን ታሪክ አላት?›› የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ ወዲህ ነው። ካሜራ ያረጃል፤ ሌንስ ይቆያል። ዲጂታል ካሜራ በጥቂት ዓመት ውስጥ ‹‹የድሮ›› ይባላል፤ ጥሩ ሌንስ ግን ሃያ ሠላሳ ዓመት ያገለግላል። ስለዚህ ሦስት ሌንስ የገዛ ሰው ያገባው ካሜራውን ሳይሆን ቀለበቷን ነው። ሌላ ድርጅት የተሻለ ካሜራ ቢያወጣም ትቶ መሄድ ይከብደዋል፤ ፍቺው ውድ ነውና። ድርጅቶቹም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ቀለበት ለካሜራ ሻጭ አጥርም በርም ናት።

እንዲህ ከሆነ ተፎካካሪ ድርጅቶች አንዳንድ ጊዜ አጥሩን አፍርሰው በአንድ ቀለበት ለመኖር የተስማሙት ለምንድን ነው? ከስምምነቱስ ማን ተጠቀመ? ዛሬ የምናወጋችሁ ይህንን ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከፍርስራሽ የወጣች ብሎን

ታሪኩ ድሬስደን ይጀምራል። ይህቺ የጀርመን ከተማ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የካሜራ ኢንዱስትሪ መናኸሪያ ነበረች። በየካቲት 1945 በአየር ድብደባ ወደመች፤ ጦርነቱ ሲያልቅም በሶቪየቶች እጅ ገባች። ከዚያ ፍርስራሽ ውስጥ በ1949 ሁለት ካሜራዎች ወጡ። አንዱ የዛይስ ኢኮን ‹‹ኮንታክስ ኤስ›› ነው፤ ዓይን ላይ አድርገው ምስሉን ሳይገለበጥ ለማየት የሚያስችል ፔንታፕሪዝም ከገጠሙት የመጀመሪያዎቹ ካሜራዎች አንዱ ነው። ሌላው የጎረቤቱ ፋብሪካ ‹‹ፕራክቲካ›› ነው። ሁለቱም ሌንሳቸውን የሚይዙት በአንድ ዓይነት ጥርስ ነበር፤ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት፣ በአንድ ዙር 1 ሚሊ ሜትር የምትገባ ብሎን። በኋላ ዓለም ‹‹ኤም42›› ብሎ የጠራት እሷ ናት።

ይህቺ ቀለበት ከሁሉ የሚለያት ቀላልነቷ ነው። ምንም ምስጢር የላትም። ሌንሱን እንደ ውሃ ኮዳ ክዳን እያዞሩ ማጥበቅ ነው፤ አለቀ። ጥሩ ቶርኖና ጥሩ ቶርኖ ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ ሁሉ ሊቆርጣት ይችላል። ስፋቷን፣ የጥርሷን ልክና ከፊልሙ ያላትን 45.46 ሚሊ ሜትር ርቀት ካወቀ ጨረሰ ማለት ነው።

ቆረጧትም። አሳሂ ኦፕቲካል የተባለው የጃፓን ድርጅት በ1952 ‹‹አሳሂፍሌክስ››ን ሲያወጣ የራሱ የሆነ 37 ሚሊ ሜትር ብሎን ነበረው። በ1957 ግን እሷን ትቶ ወደ ጀርመኖቹ 42 ገባ። ካሜራውን ‹‹ፔንታክስ›› አለው፤ የሚገርመው ስሙም ራሱ ከጀርመን የመጣ ነው። የምሥራቅ ጀርመኑ ዛይስ ኢኮን አስመዝግቦት የነበረውን የንግድ ስም ነው ጃፓኖቹ የወሰዱት። ቀለበቱም ስሙም ከድሬስደን፣ ገበያው ግን የጃፓን ሆነ። በ1964 የወጣው ‹‹ስፖትማቲክ›› ፔንታክስን በዓለም ዙሪያ አስተዋወቀው።

ከዚያማ ማን ቀረ? ያሺካ፣ ማሚያ፣ ሪኮ፣ ቺኖን፣ የፉጂ ‹‹ፉጂካ››፣ ሁሉም ገቡ። ሶቪየቶችም ቀደም ሲል ይጠቀሙባት የነበረችውን 39 ሚሊ ሜትር ብሎን ትተው በሚሊዮኖች የተመረተውን ‹‹ዜኒት›› በ42 አወጡት። በ1960ዎቹ መጨረሻ የሆነውን አስቡት። ምሥራቅና ምዕራብ በኑክሌር መሣሪያ ተፋጠዋል፤ በበርሊን መሀል ግንብ ቆሟል። የሶቪየቱ ‹‹ሄልዮስ›› ሌንስ ግን በጃፓን ካሜራ ላይ፣ የጃፓኑ ‹‹ታኩማር›› በምሥራቅ ጀርመን ካሜራ ላይ ያለ ቪዛ ይገቡ ነበር። ይህን ያመጣ ስብሰባ የለም፤ መሪዎችም አልተጨባበጡም። ያመጣችው ማንም ሊቆርጣት የሚችል ብሎን ናት።

እያንዳንዱ የየራሱን ጨመረ

ችግሩ የመጣው ካሜራ ማሰብ ሲጀምር ነው። በ1960ዎቹ ካሜራዎች በሌንሱ የሚገባውን ብርሃን ራሳቸው መለካት ጀመሩ። ለዚህ ደግሞ ሌንሱ ለካሜራው አንድ ወሬ መንገር ነበረበት፤ ፎቶ አንሺዎች አፐርቸር የሚሉት የብርሃን መግቢያ ምን ያህል እንደሚጠብብ። ኤም42 ይህን የምትናገርበት አፍ አልነበራትም። በስፖትማቲክ ብርሃን ለመለካት አፐርቸሩን ማጥበብ ግድ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ የምታዩት ምስል ይጨልማል። ብሎን መሆኗም ሌላ መከራ ነው፤ ብሎን ሲጠብቅ በትክክል የት ላይ እንደሚቆም አይታወቅም። የማይታወቅ ቦታ ላይ የሚቆም ሌንስ ደግሞ ከካሜራው ጋር መልእክት መለዋወጥ አይመቸውም።

መፍትሔው ቁጭ ብሎ መነጋገር ነበር። አንድ ዓይነት ምልክት፣ አንድ ዓይነት ዘንግ ተስማምቶ መጨመር። ግን ኤም42 ባለቤት የላትም፤ ባለቤት የሌለው ነገር ሰብሳቢም የለውም። ስለዚህ እያንዳንዱ የየራሱን ጨመረ። ምሥራቅ ጀርመኖች በ1969 ‹‹ፕራክቲካ ኤል ኤል ሲ›› ላይ በኤሌክትሪክ መልእክት የሚያስተላልፉ ነጥቦችን አደረጉ። ፔንታክስ በ1971 የራሱን ዘንግ ጨመረ። ፉጂ በ1972 ሌላ ዓይነት ጥርስ አወጣ። ኦሊምፐስም በ1971 ‹‹ኤፍ ቲ ኤል›› የተባለ ካሜራ በዚሁ ብሎን አወጣና የራሱን መቆለፊያ ጨመረበት። ብሎኗ ያው ናት፤ ሌንሱ ይገባል፤ የሚናገረው ቋንቋ ግን ለካሜራው አይገባውም። ተጠቃሚው ‹‹ሁሉም ይገባል›› ተብሎ ገዝቶ ‹‹ይገባል ግን…›› የሚል መልስ ያገኝ ጀመር።

ኦሊምፐስን ልብ በሉልን፤ በኋላ እንመለስበታለን። በ1972 ከማኅበሩ ወጥቶ ለብቻው የራሱን ቀለበት የያዘ አነስተኛ ካሜራ አወጣ። ስሙን ‹‹ኤም-1›› ቢለውም የጀርመኑ ላይካ ‹‹ኤም የኔ ነው›› ሲል ስለተቃወመ ‹‹ኦ ኤም-1›› ተባለ። እነዚህ ሁለቱ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በአንድ ማኅበር ይገናኛሉ።

ፔንታክስም በ1975 ብሎኗን ተወ፤ ‹‹ኬ ማውንት›› የተባለችውን አዲስ ቀለበት አመጣ። አሁን ቀለበቷ ባዮኔት ናት፤ ሳንጃ በጠመንጃ አፍ ላይ እንደሚሰካ፣ ሰክቶ በትንሹ አዙሮ ‹‹ቀጭ›› ማድረግ። ሁለት ነገር ግን አልረሳም። ከፊልሙ ያላትን ርቀት ያንኑ 45.46 አድርጎ ተወው፤ ስለዚህ የድሮ ሌንስ ያለው ሰው በአንዲት ቀጭን አስማሚ ቀለበት ይጠቀምበታል። ሌሎችም እንዲሠሯት መንገድ ከፈተ፤ ሪኮ፣ ቺኖንና ኮሲና ወሰዷት። የድሮው ልማድ ግን እዚህም ተከተላቸው። ሪኮ በ1980ዎቹ ለራሱ አውቶማቲክ ሥራ ትንሽ ፒን በሌንሱ ላይ ጨመረ፤ ያቺ ፒን በኋላ በመጡት የፔንታክስ ካሜራዎች ቀዳዳ ውስጥ እየገባች ሌንሱ አልነቀል ብሎ ስንቱን አስለቅሳለች። ታሪክ ቀልደኛ ነውና በ2011 ፔንታክስን የገዛው ይኸው ሪኮ ነው። ቀለበቷን ተውሶ የገባ እንግዳ የቤቱ ባለቤት ሆነ።

አንበሶቹ አይጋሩም

እስካሁን ስማቸውን ያልጠራናቸው ሁለት ድርጅቶች አሉ፤ ኒኮንና ካኖን። ያልጠራናቸው ረስተናቸው አይደለም። እነሱ ማንም ጋር አልሄዱም።

ኒኮን በ1959 ‹‹ኒኮን ኤፍ››ን ይዞ መጣ፤ የራሱ ባዮኔት ያላት ቀለበት። ያቺን ቀለበት ከፊልም እስከ ዲጂታል አስርት ዓመታት አቆያት። የኒኮን ደንበኛ በአባቱ ሌንስ ማንሳት ይችል ነበር፤ ብቻ ከኒኮን አጥር አይውጣ። ካኖን ደግሞ በተቃራኒው በ1987 ጨከነ። የነበረውን ቀለበት ጥሎ ‹‹ኢ ኤፍ›› የተባለችውን አዲስ አወጣ። ሌንስና ካሜራ በዘንግ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ብቻ የሚነጋገሩባት ናት። የድሮ ደንበኞቹ ሌንሳቸውን ታቅፈው ቀሩ፤ ተቆጡም። ውሳኔው ግን በአውቶፎከስ ዘመን ካኖንን ወደ ፊት ወሰደው። ብቻውን ስለሚወስን ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለገውም።

‹‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር›› እንላለን። ድሩ የሚያብረው አንበሳ ስላለ መሆኑን ግን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። በካሜራ ዓለም ቀለበት የተጋሩት ሁሉ ለብቻቸው አንበሶቹን የማይችሉት ናቸው። የጋራ ቀለበት የደግነት ውጤት አይደለችም፤ የሂሳብ ውጤት ናት። ሙሉ የካሜራ ቤተሰብ ለማውጣት ሰፊ ሌንስ፣ የሩቅ ሌንስ፣ የፎቶ ቤት ሌንስ፣ የስፖርት ሌንስ፣ ርካሽና ውድ እያሉ ሃምሳ ዓይነት መሥራት ያስፈልጋል። ሃምሳ ሎሚ ደግሞ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው።

በ2002 የታሰረ ቀለበት

አሁን ወደ ኦሊምፐስ እንመለስ። አውቶፎከስ ሲመጣ ኦሊምፐስ በ1980ዎቹ ሞክሮ አልተሳካለትም። ኒኮንና ካኖን ለአውቶፎከስ የሚሆን ሌንስ ያላቸው ብዙ ደንበኞች ይዘው ወደ ዲጂታል ዘመን ሲገቡ ኦሊምፐስ ባዶ እጁን ነበር። የ‹‹ኦ ኤም›› ካሜራዎቹንም በ2002 ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ።

ኮዳክም የራሱ ጉድ ነበረበት። የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ በ1975 ቤቱ ውስጥ የሠራው የራሱ ኢንጂነር ስቲቭ ሳሰን ነው። በ1991 ለገበያ ያወጣው ዲጂታል ካሜራ ግን በኒኮን ‹‹ኤፍ 3›› አካል ላይ የተገጠመ ነበር። ሴንሰር የሚሠራ፣ ለሴንሰሩ የሚሆን ሌንሱ የሚቀያየር የራሱ ካሜራ የሌለው ቤት ማለት ነው። አንዱ ሌንስ አለው፤ አንዱ ሴንሰር አለው፤ ሁለቱም አንበሶቹን ይፈራሉ። በመስከረም 2002 በጀርመኗ ኮሎኝ በሚካሄደው የፎቶኪና ኤግዚቢሽን ላይ ‹‹ፎር ሰርድስ›› የተባለውን የጋራ ሥርዓት ይፋ አደረጉ።

ሐሳባቸው እንዲህ ነበር፦ ካኖንና ኒኮን ለፊልም በተሠራ ቀለበት ላይ ሴንሰር እየለጠፉ ነው። ሴንሰር ግን እንደ ፊልም አይደለም፤ ብርሃን ቀጥ ብሎ እንዲያርፍበት ይፈልጋል። ስለዚህ አሮጌ ቤት ከማደስ ከመሠረቱ ለዲጂታል የታሰበ ቤት እንሥራ። ሴንሰሩ 17.3 በ13 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ወሰኑ፤ ከፊልሙ የ36 በ24 ስፋት ሩብ ያህል ማለት ነው። ሌንሶቹ ያንሳሉ፤ ቀለበቷም ለፈለገ ክፍት ትሆናለች ተባለ። ፓናሶኒክ፣ ላይካ፣ ሲግማ፣ ፉጂና ሳንዮ በደጋፊነት ስማቸው ተጠራ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ብዛት ለሰርግ ድግስ የሚበቃ ነበር።

ሰርጉ ግን እንደ ጥሪው አልሞቀም። ኦሊምፐስ በ2003 ‹‹ኢ-1››ን አወጣ፤ ጠንካራ፣ ዝናብ የማይበግረው፣ 5 ሜጋፒክስል ካሜራ። በዚያው ዓመት ግን ካኖን ‹‹300ዲ››ን ከ1,000 ዶላር በታች፣ 6 ሜጋፒክስል አድርጎ ገበያ ላይ ዘረገፈው። ኮዳክ ሴንሰሩን ሰጠ እንጂ በዚህች ቀለበት አንድም ካሜራ አላወጣም። ፉጂና ሳንዮም እንደዚያው፤ ስማቸውን ሰጥተው ካሜራ ሳይሠሩ ቀሩ። ፓናሶኒክና ላይካ በ2006 ‹‹ኤል 1›› እና ‹‹ዲጂሉክስ 3›› የተባሉ የአንድ ቤት ልጆች የሚመስሉ ካሜራዎች አመጡ። ሸክሙ በአብዛኛው በኦሊምፐስ ትከሻ ላይ ቀረ። ሃምሳው ሎሚ ለሃምሳ ሰው ሊከፋፈል ነበር፤ ተሸካሚው ግን ያው አንዱ ሆነ።

ትልቁ ስህተት ደግሞ ከቀለበቷ ኋላ ነበር። ሴንሰሩ ትንሽ ቢሆንም ውስጥ ያለው የሚነሳ የሚወድቅ መስታወት እንዳለ ነው። መስታወቱ ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከቀለበት እስከ ሴንሰር ያለው ርቀት 38.67 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ካሜራውም የተባለውን ያህል አላነሰም። ሰው ‹‹ሴንሰሩ ያነሰ፣ ካሜራው ያላነሰ ነገር ምን ያደርግልኛል?›› አለ። እውነቱን ነው።

መስታወቱ ሲወጣ

በነሐሴ 2008 ኦሊምፐስና ፓናሶኒክ ደፋር ነገር አደረጉ። ሴንሰሩን ሳይነኩ መስታወቱን አወጡት። ምስሉ በመስታወት ሳይሆን በቀጥታ ከሴንሰር በኤሌክትሮኒክ ስክሪን ይታይ አሉ። መስታወቱ ሲወጣ ርቀቱ በግማሽ አጠረ፤ ‹‹ማይክሮ ፎር ሰርድስ›› ተወለደ። በዚያው ዓመት የፓናሶኒክ ‹‹ጂ 1››፣ በ2009 የኦሊምፐስ ‹‹ኢ-ፒ 1›› ወጡ።

ይህ የዚህ ታሪክ መታጠፊያ ነው። ለብቻቸው አንበሶቹን ያልቻሉ ሁለት ድርጅቶች አንበሶቹ ያልደፈሩትን ያደረጉት የሚያጡት ትንሽ ስለነበር ነው። ካኖንና ኒኮን በሚሊዮን የሚቆጠር የመስታወት ዘመን ሌንስ ሸጠው፣ ያንን ገበያ በገዛ እጃቸው ማፍረስ ከበዳቸው። ሳምሰንግና ሶኒ በ2010 መስታወት አልባውን መንገድ ተከተሉ፤ ፉጂ በ2012 በራሱ ቀለበት ገባ። ካኖንና ኒኮን ትንንሽ ሙከራ ካደረጉ በኋላ ትልቁን ሴንሰር ይዘው በሙሉ ልባቸው የገቡት በ2018 ነው፤ ማይክሮ ፎር ሰርድስ ከተወለደ ከአሥር ዓመት በኋላ።

ማንም ያልጠበቀው ሌላ ነገርም መጣ። ርቀቱ ሲያጥር በካሜራውና በድሮ ሌንስ መካከል ባዶ ቦታ ተረፈ። በዚያ ቦታ ላይ አስማሚ ቀለበት ይገባል። በቃ! በ1960ዎቹ የተሠራ ሄልዮስ፣ ታኩማር፣ የየና ዛይስ፣ በየሳጥኑ ውስጥ አቧራ ሲጠጣ የኖረ ሁሉ እንደገና ሥራ አገኘ። በእጅ እያዞሩ ፎከስ ማድረግ ግድ ነው፤ ግን ምስሉ ያምራል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ገንዘብ የሌለው የፊልም ተማሪ በድሮ ሶቪየት ሌንስ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረ። ያቺ ባለቤት አልባ የድሬስደን ብሎን ሞታ ነበር ያልነው፤ ባለቤት ስለሌላት ማንም ሊቀብራት አልቻለም።

በአንድ ቤት ሁለት ጓዳ

ሁሉም ነገር አማረ ብለን ብንጨርስ ደስ ባለን። ግን የ1970ዎቹ ልማድ እዚህም አለ። ፓናሶኒክ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋውን መሣሪያ በሌንሱ ውስጥ ሲያደርግ፣ ኦሊምፐስ በካሜራው ውስጥ አደረገው። ሁለቱን አቀናጅቶ የሚያሠራው ዘዴ ሌንሱም ካሜራው የአንድ ድርጅት ሲሆኑ ብቻ ነው የሚሠራው። ፓናሶኒክ በ2014 በ‹‹ጂ ኤች 4›› ያመጣው የአውቶፎከስ ዘዴ በራሱ ሌንሶች ላይ ነው በሙሉ ኃይሉ የሚሠራው። የፓናሶኒክ ላይካ ሌንሶች ላይ ያለውን የአፐርቸር ቀለበት በኦሊምፐስ ካሜራ ላይ ብታዞሩት አይሰማም።

ቀለበቷ አንድ ናት፤ ሌንሱ ይገባል፤ ፎቶም ያነሳል። ሳሎኑ የጋራ፣ ጓዳው ግን የየራስ ነው። ልዩነቱ ከኤም42 ጋር ሲተያይ ግን ትልቅ ነው። የኤም42 ሰዎች መሠረታዊውን ቋንቋ ሳይስማሙ ነው በየራሳቸው የጨመሩት። እነዚህኞቹ መሠረታዊውን አስቀድመው ተስማሙ፤ የየራሳቸውን የጨመሩት በላዩ ላይ ነው። ስለዚህ ‹‹ይገባል ግን…›› የሚለው መልስ ባይቀርም፣ ከ‹‹ግን›› በኋላ ያለው ነገር ትንሽ ነው። በአንድ ቀለበት ለመኖር የሚያስቡ ሁሉ ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት ያለ ይመስለናል፤ ጓዳ ይኑራችሁ፣ ግን መጀመሪያ ሳሎኑን አብራችሁ ሥሩ።

ቤቱ ሲፈርስ የሚቀረው

በ2012 ኮዳክ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ኦሊምፐስ በ2020 የካሜራ ሥራውን እንደሚሸጥ አስታወቀ፤ ከጥር 2021 ጀምሮ ሥራው ‹‹ኦ ኤም ዲጂታል ሶሉሽንስ›› ወደተባለ አዲስ ድርጅት ተላለፈ። ፎር ሰርድስን በ2002 ያቋቋሙት ሁለቱም መሥራቾች ከቤቱ ወጡ ማለት ነው። ሌላ ዓይነት ቀለበት ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚያ ያልቅ ነበር። የሳምሰንግን ተመልከቱ፤ ‹‹ኤን ኤክስ›› የተባለችውን የራሱን ቀለበት ይዞ ለብቻው ገባ፣ ጥቂት ዓመት ቆየ፣ ተወው። አብረውት የገቡት ገዢዎች ካሜራ የሚሠራላቸው ሌላ ቤት አልነበራቸውም።

የማይክሮ ፎር ሰርድስ ሰዎች ግን ይህ አልደረሰባቸውም። ፓናሶኒክ መሥራቱን ቀጠለ፤ አዲሱ የኦ ኤም ድርጅትም ቀጠለ። የአውስትራሊያው ብላክማጂክ በዚችው ቀለበት ከ2013 ጀምሮ ለፊልም ሠሪዎች ትንንሽ ካሜራ አውጥቷል። በ2009 ሌንስ የገዛ ሰው ዛሬም አዲስ ካሜራ ላይ ይሰካዋል። የድርጅት ስም ተለወጠ፤ የሰው ንብረት ግን ንብረት ሆኖ ቀረ።

ፓናሶኒክም ትምህርቱን ይዞ ሄደ። በመስከረም 2018 እዚያው ኮሎኝ ላይ ከላይካና ከሲግማ ጋር ሌላ ኅብረት መሠረተ። ላይካ በ2014 ለራሱ ያወጣት ‹‹ኤል ማውንት›› የተባለች ቀለበት ለትልቅ ሴንሰር ትሆናለችና፣ ሦስቱ በሷ ላይ ካሜራና ሌንስ ለመሥራት ተስማሙ። በ1972 ‹‹ኤም የኔ ነው›› ብሎ ስም ያስቀየረው ላይካ፣ አሁን ቀለበቱን ለሌሎች አካፈለ። በ2023 ብላክማጂክም በዚችው ቀለበት ካሜራ አወጣ።

አንበሶቹስ? ሶኒ በመሀል መንገድ ሄደ፤ በ2011 የቀለበቱን መሠረታዊ መረጃ ለሌንስ ሠሪዎች ለመስጠት ወሰነ፤ ቀለበቷ የሱ ናት፣ ሌንስ ግን ብዙዎች ይሠሩላታል። ካኖን በ2018 ያወጣትን ‹‹አር ኤፍ›› ቀለበት ዘግቶ ይዟት ቆየ። በ2022 ቪልትሮክስ የተባለው የቻይና ድርጅት ለዚያች ቀለበት የሚሠራቸውን ሌንሶች እንዲያቆም ካኖን የፓተንት መብቱን ጠቅሶ መጠየቁ ተረጋገጠ። በ2024 ለሲግማና ለታምሮን ፈቃድ ሲሰጥም ለአነስተኛ ሴንሰር በሚሆኑ ሌንሶች ጀመረ። ጠንካራ ሰው በሩን የሚከፍተው ሲፈልግ፣ በሚፈልገው ልክ ነው።

ሕግ ያልደረሰባት ቀለበት

የአውሮፓ ኅብረት በሕግ አስገድዶ ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ በገበያው የሚሸጡ አዳዲስ ስልኮች ሁሉ በዩ ኤስ ቢ ሲ እንዲሞሉ አደረገ። ሕጉ ዲጂታል ካሜራንም ይጨምራል። ‹‹ቀጭኑ ቻርጀር›› በልማድ የሆነውን፣ አሁን ሕግ አደረገው። ለካሜራ ባትሪ መሙያ ቀዳዳ እንግዲህ ሕግ አለ፤ ብዙ ገንዘብ የሚፈስባት ቀለበት ግን ዛሬም በየድርጅቱ ፈቃድ ላይ ነው ያለችው። በሕግ አንድ ትሁን እያልን አይደለም፤ በ1970 አንድ ቀለበት በሕግ ቢደነገግ ኖሮ ምናልባት ዛሬም ብሎን እያዞርን ነበር። ካኖን በ1987 የጨከነው ብቻውን በመሆኑ ነው፤ መስታወቱንም ያወጡት ሁለት ብቻ ስለነበሩ ነው ቶሎ የተስማሙት።

እኛ የምንለው ይህን ነው። ድርጅቶች ሲደክማቸው ይተባበራሉ፣ ሲበረቱ ይዘጋሉ፤ ይህ አይለወጥም። ባለሌንሱን የሚጠብቀው የድርጅቱ ጥንካሬ ሳይሆን ቀለበቷን የሚሠሯት ቤቶች ብዛት ነው። ኮዳክም በዘመኑ ጠንካራ ነበር።

ስለዚህ አዲስም ሆነ ያገለገለ ካሜራ ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ ስለ ሜጋፒክስል የሚያወራውን በትዕግሥት አዳምጡ። ሲጨርስ ሌንሱን እንዲነቅልላችሁ ጠይቁትና ቀለበቷን እዩ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ‹‹ይቺን ስንት ቤት ይሠራታል?››